ለማስክ መቁረጫ ምን ይሻላል፦ ቢላ፣ ስካልፔል (የሐኪም ምላጭ) ወይስ ማሽን? (የካኖፒ፣ ማለትም የአውሮፕላኑ መስታወት፣ ጠርዝ አስቸግሮኛል)

ክንፍና_ሙጫ
ሰላም የሞዴል ቤተሰብ። 1/48 መጠን ያለው የሃይንክል 111 (የጀርመን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን) ሞዴል ጀምሬአለሁ፣ የሠራችሁት ታውቁታላችሁ፣ አፍንጫው በሙሉ መስታወት ነው፣ የፍሬሙ ብዛት ብቻውን አንድ ፕሮጀክት ይወጣዋል። ኪቱ ውስጥ የተዘጋጀ ማስክ (ቀለም እንዳይነካው መስታወቱን የሚሸፍን ቁራጭ) ስለሌለ ከቢጫው የታሚያ ቴፕ ራሴ እየቆረጥኩ ነው። ችግሩ ጠርዙ ንጹህ አልሆን አለኝ፣ አንዳንድ ቦታ ቴፑ የተቆረጠ ሳይሆን ተጎትቶ የተቀደደ ነው የሚመስለው፣ ቀለም ስነፋበት ደግሞ እዛችው ጋ ሰርጎ ጸጉር ጸጉር ያለ መስመር ይወጣል። የምጠቀመው እንደ እርሳስ የሚያዘውን ቢላ ነው፣ 11 ቁጥር ምላጭ ያለውን። ጥያቄዬ፦ ወደ ስካልፔል ልቀይር ወይስ ጨክኜ ስቲከር የሚቆርጠውን ማሽን ልግዛ? ምላጭስ ትስላላችሁ ወይስ ዝም ብላችሁ ትቀይራላችሁ?

ጋሼ_ስለት
ወንድሜ ኪስህን ዝጋና መጀመሪያ ስማኝ። ችግሩ መያዣው አይደለም፣ ጫፉ ነው።

የያዝከው ቴፕ ወረቀት ነው፣ ወረቀት ደግሞ ቃጫ አለው። የተሳለ ጫፍ ቃጫውን ይበጥሰዋል፣ የደነዘ ጫፍ ግን ከፊቱ እየገፋ ይጎትተዋል፣ ያ ጸጉር የምትለው ነገር የተጎተተው ቃጫ ነው፣ ቀለሙ የሚሰርገውም በሱ ስር ነው። ምላጩን አውጣና ስለቱን ወደ ላይ አድርገህ ከመብራት ስር ቀስ እያልክ አገላብጠው። የተሳለ ስለት ብርሃን አይመልስም። የሆነ ቦታ ላይ ነጭ ነጥብ ብልጭ ካለብህ እዛ ጋ ወይ ደንዟል ወይ ታጥፏል። ማጉያ መነጽር ካለህ ደግሞ ምንም አትጠራጠርም።

11 ቁጥር በጣም ሹል ስለሆነ ቀድሞ የሚሞተው ጫፉ ነው። ከጫፉ ትንሽ ወደ ኋላ ያለው ስለት ገና እንደ አዲስ ሆኖ ጫፏ ግን የለችም፣ ማስክ ደግሞ የምትቆርጠው በጫፏ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሰው «ምላጬ እኮ አዲስ ነው» የሚለው፣ ፕላስቲክ ሲቆርጥበት ደህና ስለሆነ። ፕላስቲክ የቆረጥክበትን ምላጭ ለማስክ አታምጣው በቃ። ሁለት መያዣ ይኑርህ፣ አንዱ ለስፕሩ (ክፍሎቹ ተያይዘው ለሚመጡበት የፕላስቲክ ዘንግ) እና ለፕላስቲክ፣ አንዱ ለቴፕ ብቻ። ከቴፑ የወረደው ምላጭ ወደ ፕላስቲኩ መያዣ ይዛወራል፣ ከዛ ወደ ቆሻሻ። ወደ ላይ ተመልሶ አይወጣም።

ክንፍና_ሙጫ
ጋሼ አመሰግናለሁ። እንዳሉት መብራት ስር አየሁት፣ ጫፉ ላይ እንደ ኮከብ ነው የሚያበራው 😅 ስፕሩም የምቆርጠው በሱ ነበር። አሁን አዲስ ገባ፣ ልዩነቱ ወዲያው ታወቀኝ። ግን አሁንም ሲቆርጥ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ መስመሩ ላይ አይቆምም።

ጋሼ_ስለት
እሱ የመያዣው አንገት ነው። የእርሳስ ዓይነቱ መያዣ ምላጩን የሚጨብጠው አራት ቦታ የተሰነጠቀ አንገት አለው፣ እያዞርክ ስትጠቀምበት ራሱ ይላላል። ሥራ ከመጀመርህ በፊት አጥብቀው፣ መሃል ላይም እንደገና ሞክረው። አጥብቀኸውም ከተነቃነቀ ምላጩን አውጣና አንገቱ ስንጥቅ ውስጥ የገባ ሙጫ ወይም የፕላስቲክ ብናኝ ካለ በመርፌ አጽዳው።

ታንክ_ብቻ
እኔ ደግሞ ከጋሼ ጋ በአንድ ነገር አልስማማም፣ መጣሉ ላይ። ምላጭ እኮ ይሳላል። ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ቆዳ ለጥፋችሁ አረንጓዴውን የክሮሚየም ኦክሳይድ ፖሊሽ ቀቡት፣ ከዛ ምላጩን ጀርባውን አስቀድማችሁ ወደ ኋላ ብቻ ጎትቱት (ወደ ፊት ከገፋችሁት ቆዳውን ነው የምትቆርጡት)፣ በያንዳንዱ ጎን ጥቂት ጊዜ። ስለቱ ላይ ያለችውን ጥቃቅን እጥፋት ያቃናታል። ማስክ ስቆርጥ በየመሃሉ እንዲህ አደርጋለሁ፣ ምላጩ ብዙ ይቆይልኛል።

ጋሼ_ስለት
@ታንክ_ብቻ ለታንክ ይሁንልህ 😂 ታንክ ላይ የምትቆርጠው ማስክ ቁጥርና ኮከብ ነው። ቆዳው የታጠፈ ጫፍ ያቃናል፣ ልክ ነህ። የተሰበረ ጫፍ ግን አይመልስም፣ 11 ቁጥር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይሰበራል እንጂ አይታጠፍም። ሌላው፣ ፖሊሹ ቅባት አለው። በደንብ ካልጠረግከው ወደ ቴፑ ሙጫ ከዛም ወደ መስታወቱ ይሄዳል፣ ቅባት ያለበት ቦታ ላይ ቀለም ዓይን ዓይን ሠርቶ ይሸሻል።

ታንክ_ብቻ
ጋሼ በአልኮል እጠርገዋለሁ እኮ፣ አረመኔ አደረጉኝ እንዴ

ብሩሽ_ናት
ሁለታችሁም ያላነሳችሁት አለ፣ ሙጫው። ማስክ ስትቆርጡ ምላጩን ቀድሞ የሚያስቸግረው ድንዛዜ አይደለም፣ ከቴፑ ስር ያለው ሙጫ ስለቱ ላይ እየተጠራቀመ ነው። በተለይ ቪኒል (የስቲከር ፕላስቲክ) ላይ። ሙጫ የያዘ ስለት ቴፑን እየያዘ ያነሳዋል፣ ሰውየው ደንዟል ብሎ ይጥለዋል። ጥጥ ላይ ትንሽ አይሶፕሮፒል አልኮል አድርጋችሁ ከጀርባው ወደ ስለቱ አቅጣጫ ጥረጉት፣ ከስለቱ ወደ ጀርባ ከጠረጋችሁ ጥጡን ትቆርጡና ክሩ ጫፉ ላይ ይቀራል፣ ጣታችሁም ይከተላል። አልኮል እምቢ ያለውን ሙጫ የላይተር ቤንዚን ያነሳዋል፣ እሱ ግን እሳት የሌለበት፣ መስኮት የተከፈተበት ቦታ።

አዲስ ምላጭም ከማሸጊያው ሲወጣ እንዳይዝግ ብዙ ጊዜ ቀጭን ዘይት ተቀብቶ ነው የሚመጣው፣ ሳትጠርጉ ካኖፒ ላይ አትሂዱ። ጋሼ ስለ ፖሊሹ ያሉት ለሱም ይሠራል።

ስካልፔሉን በተመለከተ፣ ክንፍና_ሙጫ ወንድሜ፣ እኔ ስካልፔል ነው የምጠቀመው ግን ተአምር አትጠብቅ። 3 ቁጥር መያዣ ግዛ፣ 10፣ 11 እና 15 ቁጥር ምላጭ ይቀበላል፣ ለእደ ጥበብ የሚሸጠውን ቀጥ ያለ 10ኤ ጭምር። 4 ቁጥር መያዣ ለትልልቆቹ ከ20 በላይ ላሉት ነው፣ እነሱ ለኛ ሥራ አይሆኑም፣ ተሳስተህ እንዳትገዛ ምላጩና መያዣው አይገጥሙም። የስካልፔል ምላጭ ከሆቢ ቢላው ይቀጥናል፣ ለዛ ነው በቴፕ ውስጥ ያለምንም ድምጽ የሚያልፈው። ቀጭን ስለሆነ ግን ወደ ጎን ስትጫነው ይጎብጣል፣ ጠባብ ኩርባ ላይ ጫፉ አንተ ካሰብከው ቦታ ሌላ ጋ ነው ያለው። ፕላስቲክ ለመፈልቀቅ በፍጹም፣ ተሰብሮ ዓይን ውስጥ የሚገባ ነገር ነው።

ስትገጥመውና ስታወጣው በጣት አይሆንም፣ በቀጭን ፒንሳ ጀርባውን ይዘህ፣ ስለቱ ከሰውነትህ ወደ ውጭ ዞሮ።

ክንፍና_ሙጫ
@ብሩሽ_ናት እህቴ ካርቦን ስቲል ነው ወይስ ስቴይንለስ የሚሻለው? ሁለቱም አለ።

ብሩሽ_ናት
ካርቦን። ስለቱ የተሻለ ነው፣ ግን ይዝጋል፣ እርጥበት ባለበት ክፍል ፓኬቱን ከፍተህ አትተወው። የዛገ ጫፍ ማለት መጋዝ ነው። ስቴይንለስ ለሚረሳ ሰው ጥሩ ነው።

ጀማሪ72
ይቅርታ ከመሃል ገባሁ። ያ እየተሰበረ የሚጣለው ከተርስ? እኔ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

ጋሼ_ስለት
ልጄ ቀጥ ላለ መስመር ከሁሉም በላይ የምወደው እሱን ነው። ሰው ይንቀዋል። የኦልፋ ሰዎች እኤአ በ1956 ይህንን ነገር ሲያወጡ ሐሳቡ ራሱ የመጣው ጫማ ሠሪዎች እየሰበሩ ከሚጠቀሙበት የመስታወት ስባሪና እየተቆረሰ ከሚበላ ቸኮሌት ነው ይባላል፣ ማለትም ነገሩ የተሠራው እንዲሰበር ነው። ሰው ግን አይሰብረውም! አንዷን ክፍል ይዞ ይከርማል። ስበረው። የ9 ሚሊሜትሩን መደበኛ ምላጭ ትተህ 30 ዲግሪ የተሾለውን ፈልግ፣ ጫፉ ረጅምና ሹል ስለሆነ ምን እንደምትቆርጥ ይታይሃል። ስትቆርጥ ግን ምላጩን ብዙ አታውጣው፣ አንድ ክፍል ብቻ፣ ካረዘምከው ይወዛወዛል።

ለኩርባ አይሆንህም። ለካሞፍላጅ ቀጥ ቀጥ ያለ መስመርና ቴፕ ለመሰንጠቅ ግን እሱው ይበቃሃል። በነገራችን ላይ ከጥቅሉ የወጣውን የቴፕ ጠርዝ እንዳለ አትለጥፉት፣ ጎኑ ተከፍቶ የተቀመጠ ስለሆነ ብናኝ ይዟል፣ ተፈንግሏልም። መስታወት ላይ ለጥፉና በብረት ማስመሪያ አዲስ ጠርዝ አውጡለት። ማስመሪያው ብረት ይሁን፣ ፕላስቲኩን ቢላው ይልጠዋል፣ የተላጠ ማስመሪያ ደግሞ ከዛ በኋላ ቀጥ ያለ መስመር አይሰጥም።

ታንክ_ብቻ
መስታወት ላይ??? ጋሼ ለጫፍ ሲሟገቱ ቆይተው መስታወት ላይ ይቆርጣሉ? ጫፍ የሚገድል ከመስታወት በላይ ምን አለ

ጋሼ_ስለት
ይገድላል። እያወቅኩ ነው። ማት (የመቁረጫ ምንጣፍ) ላይ ስትቆርጥ ምላጩ ወደ ማቱ ይሰምጣል፣ ቀጭን ቴፕ ከሆነ ጠርዙ አብሮ ወደ ታች ይጎትታል። ቀድሞ የተቆረጠ ጭረት ካለ ደግሞ ምላጩ ወደዛ ይሳባል፣ «ራሱን ይጠግናል» የተባለው ማት እንኳ ሙሉ በሙሉ አይጠግንም። መስታወት ላይ ግን ቴፑ ንቅንቅ አይልም፣ ጠርዙ ከላይም ከታችም እኩል ነው። ዋጋው ምላጭ ነው። ቀጥ ላለ መስመር ከተሩን መስታወት ላይ አደርገዋለሁ ምክንያቱም ጫፉን ሰብሬ ሌላ አወጣለሁ። ስካልፔል መስታወት ላይ አላደርግም።

ብሩሽ_ናት
እኔ መሃሉን ነው የያዝኩት፣ ማት ላይ የቪኒሉን መደገፊያ ወረቀት (ያን የሚያንሸራትተውን) ዘርግቼ ቴፑን እሱ ላይ ለጥፌ እቆርጣለሁ። ወረቀቱን ሳትበሱ ቴፑን ብቻ ከቆረጣችሁ ግፊታችሁ ልክ ነው ማለት ነው። ማስኩም በወረንጦ ሲነሳ አይለጠጥም፣ ከማት ላይ ስትላቅቁት የሚለጠጠውን ያህል።

ፕሎተሩ
ሁላችሁም 2 ሚሊሜትር ፊደል ቆርጣችሁ አሳዩኝ 😎

ማሽን የጠየቀው ሰው መልስ አላገኘም ስለዚህ እኔ ልመልስ። ሲልሀዌት የሚባለው ማሽንም ክሪከትም ሌላውም በመሠረቱ አንድ ነገር ናቸው፣ ምላጩ ነጻ ሆኖ በዘንጉ ላይ የሚዞር ትንሽ ቢላ ነው፣ እየተጎተተ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ራሱ ይዞራል። ጫፉ ከዘንጉ መሃል ትንሽ ወጣ ያለ ነው፣ አብዛኛው ላይ 0.25 ሚሊሜትር አካባቢ፣ ሶፍትዌሩ ይህንን አስቦ ማዕዘን ላይ ያካክሳል። ይህ ቁጥር ካልገጠመ ማዕዘኑ ሁሉ ክብ ክብ ይላል ወይ ትንሽ ጭራ ያወጣል። ስለዚህ ማዕዘንህ ከተበላሸ ምላጭ ከመግዛትህ በፊት ሴቲንጉን እይ።

ሁለተኛ የምላጩ መውጣት። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ምላጩን አስረዝሞ ግፊቱን መጨመር ነው። ተቃራኒው ነው። ጫፉ ከፊልሙ ውፍረት በመጠኑ ብቻ ይለፍ፣ በጣት ስትነካው እምብዛም የማይታወቅ። ከዛ ማዕዘን ላይ ትንሽ ካሬና ውስጡ ሦስት ማዕዘን አስቆርጥ፣ አንሳው፣ ሦስት ማዕዘኑ ሳይጎትት ከወጣና መደገፊያው ወረቀት ላይ ስስ ጭረት ብቻ ከታየህ በቃ እሱ ነው። ወረቀቱ ከተቆረጠ ምላጭህን ማሽኑ ላይ በከንቱ እየጨረስክ ነው። 45 ዲግሪው ምላጭ ለተለመደ ቪኒል፣ 60 ዲግሪው ለወፍራምና ለጥቃቅን ዝርዝር፣ ግን 60ው ጫፉ ስስ ነው ቶሎ ይሰበራል።

ቢጫውን የታሚያ ቴፕ ማሽን ላይ መቁረጥ ይቻላል፣ መደገፊያ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ደርድረህ። አንዱ በሌላው ላይ እንዳይደረብ፣ የተደረበው ጋ ውፍረቱ እጥፍ ይሆንና አይቆረጥም። ፍጥነቱን ዝቅ አድርግ፣ ወረቀት ስለሆነ በፍጥነት ይቀደዳል፣ ቪኒል የሚችለውን እሱ አይችልም።

እንክብካቤው፣ የምላጩን ቤት በየጊዜው ፍታው። ቁራጭ ፊልም ወይ ሙጫ ውስጥ ገብቶ ምላጩ እንዳይዞር ያደርገዋል፣ ያኔ ኩርባው ሁሉ ይቀደዳል ሰው «ደነዘ» ይላል። ምላጩን አውጣ፣ ውስጡን ጥረግ፣ ምላጩን በአልኮል ጥረግ፣ መልስ። ጫፉን በጣት አትሞክር፣ ጠንካራ ካርባይድ ነው ግን በጎን ከመታኸው እንደ ሸክላ ነው።

ክንፍና_ሙጫ
@ፕሎተሩ እሺ ግን ለሃይንክሉ አፍንጫ ይሆናል ወይ? አብዛኛው መስታወቱ የጎበጠ ነው።

ፕሎተሩ
እሱን ነው የማልዋሽህ። ማሽኑ ቅርጹን ይቆርጥልሃል፣ ቅርጹን ግን የሚያውቀው አንተ ካወቅክ ነው። ለካኖፒ መጀመሪያ እላዩ ላይ ቴፕ ለጥፈህ በእርሳስ ፍሬሙን አሻሽተህ ማውጣት፣ ስካን ማድረግ፣ መሳል፣ መቁረጥ፣ አልገጠመም፣ እንደገና። አንድ ካኖፒ ብቻ ከሆነ በእጅ ጨርሰህ ሻይ ትጠጣለህ። ማሽን የሚያዋጣው አንድ ነገር ደጋግመህ ስትፈልግ ነው፣ ወይ ምልክትና ፊደል ከዲካል (በውሃ ተነክሮ ከሚለጠፍ ምልክት) ይልቅ በቀለም መሥራት ስትፈልግ። በሁለት አቅጣጫ የጎበጠ ቦታ ላይ ደግሞ ቪኒል ቆይቶ ጠርዙን ያነሳል፣ ለክብ አፍንጫ ወረቀቱ ቴፕ ነው።

ጋሼ_ስለት
እውነቱን ተናገረ፣ ይባረክ። ስለዚህ ክንፍና_ሙጫ፣ እዛው ካኖፒው ላይ ቁረጥ። እንዲህ ነው፦ ቴፑን ትንሽ ትንሽ አድርገህ አንድ መስኮት በአንድ ቁራጭ ለጥፍ፣ ሙሉውን አፍንጫ በአንድ ቴፕ ለመሸፈን አትሞክር ይሸበሸባል። የጥርስ መፋቂያ እንጨት ጫፉን ትንሽ አደንዝዘህ የፍሬሙን ጠርዝ ተከትለህ እሸው፣ ቴፑ ወደ ጎድጓዱ ሲገባ መስመሩ ጠቆር ብሎ ይታይሃል። እዛ ላይ አዲስ ምላጭ። አዲስ ያልኩት ለመንቀባረር አይደለም፣ የደነዘ ምላጭ ትጫነዋለህ፣ የተጫንከው ምላጭ ነው መስታወቱን የሚጭረው። አዲሱን በራሱ ክብደት ብቻ ጎትተው፣ አንዴ አይደለም ሁለት ሦስቴ በስሱ። ምላጩን አጋድለው፣ የቆመ ምላጭ ይዘላል። ፍሬሙ ከፍ ያለ ስለሆነ ጎኑን እንደ ሐዲድ ተጠቀምበት። ኩርባ ሲደርስ እጅህን አታዙር፣ ካኖፒውን አዙረው፣ ሁልጊዜ ወደ ራስህ አቅጣጫ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ብቻ እንዲኖርህ።

ከማስኩ በፊት ካኖፒውን በጠራ አክሪሊክ ቫርኒሽ ነክረህ በደንብ አድርቀህ ከነበረ ስስ ጭረት ቢደርስ እንኳ ቫርኒሹን ነው የሚያገኘው፣ ፕላስቲኩን አይደለም።

ጀማሪ72
ጋሼ ከመጀመሪያው ቀለም በፊት የጠራ ነገር መንፋት የሚባለው እሱ ነው?

ብሩሽ_ናት
አይ እሱ ሌላ ነው። ማስኩ ከተለጠፈ በኋላ ጠርዙን በስሱ በክሊር ትነፊያለሽ/ትነፋለህ (ማን እንደሆንክ አላውቅም 😄)፣ የሚሰርግ ነገር ካለ ክሊሩ ሰርጎ ቀዳዳውን ይዘጋል፣ ከዛ ቀለሙ መግቢያ አያገኝም። ካኖፒ ላይ ግን መጀመሪያ የውስጠኛው የኮክፒት ቀለም ይሄዳል ምክንያቱም ከውስጥ ሲታይ ፍሬሙ በዛ ቀለም ነው የሚታየው፣ ክሊሩን ከሱም በፊት በጣም ስስ። ይሄ ግን መጥፎ አቆራረጥን አይሸፍንም፣ የተጎተተ ጠርዝ የተጎተተ ነው።

ታንክ_ብቻ
ክብ ለመቁረጥስ? የጎማ ማስክ ፈልጌ ነው፣ ታንክም ጎማ አለው ለምታውቁ

ብሩሽ_ናት
በመጠኑ ይወሰናል። የኦልፋው ኮምፓስ ከተር ከ1 ሴንቲሜትር ዲያሜትር ጀምሮ ነው የሚቆርጠው፣ ለትልልቅ ጎማና ለክንፍ ምልክት ጥሩ ነው። መሃሉን መርፌው እንዳይበሳው ሌላ የቴፕ ቁራጭ ድርብ አድርጋችሁ ለጥፉበት። የእንግሊዝ አውሮፕላን ምልክት ዓይነት ክብ በክብ ውስጥ ከሆነ ሁሉንም ከአንድ መሃል ቁረጡ፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ ሂዱ፣ ቀለበቶቹንም አትጣሉ፣ በየተራ መልሳችሁ የምትለጥፏቸው እነሱን ነው።

ከዛ በታች ላለው የዲስክ መብሻ (ፓንች) ነው። እሱም እንክብካቤ አለው፣ ቴፑን ለብቻው ከበሳችሁት ይጠቀለልና ጠርዙ ይሸበሸባል፣ በሁለት ቀጭን ወረቀት መሃል አድርጋችሁ ብሱት። ስትጨርሱ ቀዳዳው ውስጥ የቀረውን ሙጫ በአልኮል፣ ከዛ ብረቱን በጥቂት ዘይት፣ ከሚቀጥለው ሥራ በፊት ግን ዘይቱን ጥርግ።

ታንክ_ብቻ
የታንክ ጎማ እኮ ላስቲኩና ብረቱ መሃል ያለው መስመር ራሱ ከፍታ አለው፣ በኮምፓስ ከምጨነቅ ልክ እንደ ካኖፒው እዛው ላይ ብቆርጠውስ?

ብሩሽ_ናት
አንድ ጎማ ከሆነ አዎ። ታይገር ታንክ ላይ ያለውን የጎማ ብዛት ስታየው ፓንቹን ትወደዋለህ።

ክንፍና_ሙጫ
ዛሬ የአፍንጫውን ግራ ጎን ጨረስኩ። ጋሼ እንዳሉት በየመስኮቱ አንድ ቁራጭ፣ ከተሩን ለቀጥታው 11 ቁጥሩን ለኩርባው፣ ብሩሽ_ናት እንዳለችው በየመሃሉ በአልኮል እየጠረግኩ። ሙጫው ነገር እውነት ነው፣ ሁለቴ ደነዘ ብዬ ልጥለው ስል ጠርጌው እንደገና ቆረጠ። ማሽኑን ለጊዜው ትቼዋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ያገለገለውን ምላጭ ምን ታደርጉታላችሁ፣ ቆሻሻ ውስጥ እንዲሁ መጣል ያስፈራኛል።

ጋሼ_ስለት
ክዳኑ የሚዘጋ ቆርቆሮ ያዝ፣ ክዳኑን በምላጭ ልክ ሰንጥቀው፣ እዛ ክተት። ሲሞላ ስንጥቁን በቴፕ አሽገህ ምላጭ እንዳለበት ጻፍበትና በአካባቢህ ስለታም ነገር የሚጣልበት መንገድ ካለ በዛ። የከተሩንም ስባሪ እዛው፣ ስትሰብረው በፒንሳ ይዘህ ወደ ታች አድርገህ ስበር፣ ይፈናጠራል።

ደግሞ ያ ክቡ መያዣህ ጠረጴዛ ላይ ይንከባለላል። አንገቱ ላይ የላጲስ ቁራጭ ስካበት። ከወደቀም ተወው ይውደቅ፣ በእጅም በጭንም ለመያዝ አትሞክር።

ታንክ_ብቻ
ቀኝ ጎኑን ስትጨርስ ፎቶ ልጠፍ፣ ቀለሙን ከነፋህ በኋላ ማስኩ ሲነሳም ጭምር። ስታነሳው ወደ ላይ አትጎትተው፣ ወደ ራሱ አጥፈህ በዝግታ፣ ቀለሙ ድንጋይ እስኪሆን ሳትጠብቅ።

ክንፍና_ሙጫ
እሺ ቅዳሜ እለጥፋለሁ።